ማሽኑ ስለ ልባችን ምን ያውቃል?

አባቴ 58 ዓመቱ ነው። የደም ግፊት ስላለበት በየቀኑ ክኒን ይውጣል። እኔ 21 ዓመቴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እጫወታለሁ፣ ደረጃ ስወጣም አይደክመኝም ባይ ነኝ። በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ ምሽት ላይ ፒያሳ ውስጥ የሚገኝ አንድ ጂም አብረን ሄድን። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ስላለው ነው የተመዘገብነው። ለአዲስ ተመዝጋቢ ሁሉ «የብቃት ፈተና» አለ ተባልንና ቆሞ በሚሽከረከር አንድ ሳይክል ላይ ተራ በተራ ተቀመጥን። ማሽኑ ለእኔ 41 ሰጠኝ፤ ከጎኑም በእንግሊዝኛ «መካከለኛ» የሚል ጻፈልኝ። ለአባቴ 51 ሰጠው። የእሱ «እጅግ የላቀ» ይላል።

ምን አለፋችሁ፣ አፍንጮ በር ያለ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ቡና በተፈላ ቁጥር «ልጁን በአሥር ነጥብ አስከነዳው» የሚለው ወሬ ይነሳል። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ሳቁ የቆመው በሳምንቱ ሰኞ ነው። አባቴ እዚያው ሳይክል ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫና እንደገና ተፈተነና 32 አገኘ። ወርዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና «አንድ ነገር ሆኛለሁ» አለኝ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ መምህራችን የማይሰለቻቸው ጥያቄ አለ፤ «ምንጩ ይህን እንዴት አወቀ?» ይላሉ። ስለ ሚኒስትር ስንጽፍ እንጠይቃለን፤ ስለ ፖሊስ መግለጫ ስንጽፍ እንጠይቃለን። ስክሪን ላይ የበራ ቁጥር ሲሆን ግን አንጠይቅም። እኔም እስከዚያች ሰኞ ድረስ አልጠየቅኩም ነበር።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። በስፖርት ሳይንስ ስሙ ቪኦ ቱ ማክስ ነው። ሰውነታችን በመጨረሻ አቅሙ ሲሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን እንደሚጠቀም ይነግረናል። እኔ 60 ኪሎ ነኝ። 41 ማለት እንግዲህ ጣሪያዬ ላይ ስደርስ በደቂቃ 2 ሊትር ተኩል ያህል ኦክስጅን አቃጥላለሁ ማለት ነው። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ ወንድ የረጅም ርቀት ሯጮች ከ70 በላይ ናቸው። ሥራው የአንድ አካል ብቻ አይደለም፤ ሳንባ ያስገባል፣ ልብ ይገፋል፣ ደም ይሸከማል፣ ጡንቻ ያቃጥላል። ስለዚህ ነው ሐኪሞችም አሰልጣኞችም ይህን ቁጥር የሚወዱት፤ የመላ ሰውነትን የጽናት አቅም ባንድ ጊዜ ያሳያል።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አርቺባልድ ሂል የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የአየር ከረጢት ጀርባው ላይ አዝሎ ሣር ላይ ይሮጥ ነበር። የሚያስወጣውን ትንፋሽ ከረጢቱ ውስጥ እየሰበሰበ በኋላ ይመረምራል። ፍጥነቱን በጨመረ ቁጥር የሚጠቀመው ኦክስጅንም ይጨምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ቢጨምርም ኦክስጅኑ አይጨምርም። ያ ጣሪያ ነው። ዛሬ ከረጢቱ በጭንብልና በጋዝ መመርመሪያ ተተክቷል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ትንፋሽህ ካልተለካ ቪኦ ቱ ማክስህ አልተለካም።

ጂም ያለው ማሽን አፍንጫችን ላይ ምንም አላደረገም። ታዲያ ከየት አመጣው?

ማሽኑ የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ ራሱ የጫነብንን ጫና፤ ይህ ሳይክል ላይ ዋት ነው፣ ትሬድሚል ላይ ደግሞ ፍጥነትና ዳገት። ሁለተኛ የልብ ምታችንን፤ መያዣው ላይ ባለው ብረት በኩል ከመዳፋችን ያነብባል። ሦስተኛ እኛው ጠቅ ጠቅ አድርገን ያስገባንለትን፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ጾታ። ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል፦ «ይህን ያህል ጫና ይህን ያህል ኦክስጅን ይፈጃል» የሚል ቀመር አለው። የልብ ምትና ኦክስጅን ጎን ለጎን በቀጥታ መስመር ይጨምራሉ ብሎ ያምናል። ከሁለት ወይም ከሦስት የጫና ደረጃዎች ነጥብ ይወስድና በማስመሪያ መስመር ያሰምራል። ከዚያ መስመሩን እስከ መጨረሻው የልብ ምታችን ድረስ ያስረዝመዋል። መጨረሻችን የት እንደሆነ ግን አላየም፤ ስለዚህ ከ220 ላይ ዕድሜያችንን ቀንሶ «እዚህ ጋ ነው» ይላል።

ዘዴው የተናቀ አይደለም። ፐር ኦሎፍ ኦስትራንድና ኢርማ ሪሚንግ የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 በሳይክልና በልብ ምት ብቻ አቅምን የሚገምት ሠንጠረዥ ሲያወጡ ለብዙ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። ሕመምተኛን ወይም አዛውንትን እስኪወድቅ ማስሮጥ ቀረ። ግን ግምቱ በጥሩ ሁኔታ ሲሠራም ከ10 እስከ 15 በመቶ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይህ «ወዲያ ወዲህ» ስክሪኑ ላይ አይጻፍም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። 41 ሲል ልክ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ስኳር ይመስላል።

የራሴን ፈተና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መዝግቤ ነበርና በአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ቀመር አሰላሁት። ሳይክል ላይ 100 ዋት ስገፋ ልቤ በደቂቃ 142 ጊዜ መታ፤ 150 ዋት ላይ 174። በሳይክል ቀመር ዋቱ በ10.8 ይባዛል፣ ለክብደት ይካፈላል፣ 7 ይደመርበታል። በ60 ኪሎ የመጀመሪያው 25 ይሆናል፤ ሁለተኛው 34። መስመሩ እስከ 199 (ማለትም 220 ሲቀነስ 21) ሲረዝም 41 ላይ ያርፋል። ማሽኑ ያለውም ይህንኑ ነው።

ረቡዕ ዕለት ትሬድሚል ላይ ወጣሁ። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ልቤ 150፣ በ10 ኪሎ ሜትር 168። የሩጫው ቀመር ሌላ ነው፤ ፍጥነቱ በሜትር በደቂቃ ይወሰድና በ0.2 ተባዝቶ 3.5 ይደመርበታል። 30.2 እና 36.8 ይመጣል። እስከ 199 ሲረዝም 48። በሁለት ቀን ልዩነት፣ አንድ ልብ፣ አንድ ሳንባ፣ 41 እና 48! ሠንጠረዡ ላይ ይህ ከ«መካከለኛ» ወደ «ጥሩ» መሸጋገር ነው። ኳስ ለሚጫወት ሰው ኩራትና ቅሬታ ነው፤ ለጂሙ ደግሞ «ልዩ ስልጠና ያስፈልግሃል» ለማለት ወይም ላለማለት ምክንያት ነው።

ማሽኖቹ አልዋሹም። የተለያየ ነገር ነው የጠየቁኝ። ስሮጥ ከእግሬ እስከ ትከሻዬ ድረስ ያለው ጡንቻ ሁሉ ይሠራል፤ ሰውነቴንም የምሸከመው ራሴ ነኝ። ሳይክል ላይ ወንበሩ ይሸከመኛል፤ ሥራው ሁሉ ጭኔ ላይ ያርፋል። ሳይክል ያልለመደ ሰው ልቡና ሳንባው ገና አቅም እያላቸው ጭኑ ይቃጠልና ያቆመዋል። ትንሽ ጡንቻ ብዙ ሥራ ሲሠራ ልብም ለዚያው ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ ይመታል። ስለዚህ በላብራቶሪ እውነተኛው ትንፋሽ ቢለካም እንኳ አብዛኛው ሰው ሳይክል ላይ ከትሬድሚል ያነሰ ያገኛል። ለብስክሌት ተወዳዳሪዎች ነገሩ ይገለበጣል። ለአዲስ አበባ ልጅ፣ ታክሲ ተጋፍቶና ዳገት በእግሩ ወጥቶ ላደገ፣ ትሬድሚሉ የቀረበ ነው።

ክብደትም እንዲሁ አንዱ ማሽን ላይ ያጣላል፣ አንዱ ላይ አያጣላም። ትሬድሚል ላይ ክብደትህን ብታሳስት ለኪሎ የሚደርሰው ቁጥር ብዙም አይነካም፤ ቀመሩ ውስጥ ክብደት የለምና። ሳይክል ላይ ግን 100 ዋት ለ60 ኪሎ ሰው 25 ሲሆን ለ74 ኪሎ ሰው 21.6 ነው። ክብደት ሳታስገባ «ጀምር» የሚለውን ከተጫንክ ማሽኑ ፋብሪካው የሞላለትን ኪሎ ይዞ ይሰላል። ውጤቱ የአንተ እግርና የማታውቀው ሰው ክብደት ድብልቅ ነው።

ኤሊፕቲካል የሚባለው፣ እግርና እጅ አብረው የሚቀዝፉበት፣ ከሁሉም የባሰ ነው። አንዱ ኩባንያ የሠራው ከሌላው በእርምጃ ርዝመትም በመያዣውም ይለያል፤ ለሁሉም የሚሆን የታወቀ ቀመር የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ያሰላል። እሱ ላይ የተገኘን ቁጥር ከሌላ ጂም ቁጥር ጋር ማወዳደር የመርካቶን ጣሳ ከሽሮ ሜዳ ጣሳ ጋር እንደማወዳደር ነው። ጣሳ ጣሳ ነው፤ መጠኑን ግን ባለቤቱ ያውቃል።

ደግሞ መያዣውን መደገፍ አለ። ትሬድሚል ላይ ዳገቱን ከፍ አድርገው ብረቱን ሙጭጭ የሚሉ ሰዎች አይታችኋል። ዳገት 5 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር መውጣት ነው፤ ማሽኑም ይህን እያሰላ ኦክስጅን ይቆጥርልሃል። አንተ ግን ግማሽ ክብደትህን ክንድህ ላይ ጥለሃል። ልብህ ይረጋጋል፣ ማሽኑ «ይህን ሁሉ ዳገት በዚህ ትንሽ ምት!» ብሎ ይደነቃል፣ ቁጥርህ ይሰቀላል። ቸርችል ጎዳናን ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሚደገፈው ብረት ያገኘ ሰው ግን የለም።

ትንንሾቹን ነገሮች አልቆጥርም። አንዱን ግን መተው አልቻልኩም። እኛ የተፈተንበት ጂም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃውን ወጥተን፣ ተመዝግበን፣ ወዲያው ሳይክል ላይ ስንቀመጥ የእኔ ልብ ገና ፔዳሉን ሳልነካ 96 ይመታ ነበር። ይህ በሙሉ እንደ ድክመት ተቆጠረብኝ። ቡና ጠጥቶ የመጣ፣ ውኃ ሳይቀምስ በጾም የዋለ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ማሽኑ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ጾታ ይጠይቃል፤ «የት ነህ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ፒያሳ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብዙዎቻችን «ከፍታ ላይ ኦክስጅን በመቶኛ ያንሳል» እንላለን፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የአየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ ምጽዋም ላይ ፒያሳም ላይ። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባህር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ሳሳ ይላል። ከባህር ዳርቻ ከተማ ትናንት የገባ እንግዳ እዚህ ትሬድሚል ላይ ቢወጣ ከጣሪያው ከአሥር በመቶ በላይ ሊያጣ ይችላል፤ ለዚያው ፍጥነትም ልቡ ከወትሮው በላይ ይመታል። ማሽኑ «ደካማ» ይለዋል። ሰውዬው ግን ያው ሰውዬ ነው።

ይህን ዓለም በአደባባይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከፒያሳ ዝቅ ትላለች። ከአራት ዓመት በፊት አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ነበር። ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ነው። ስምንት ደቂቃ! ቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው ማራቶን በአራት ዓመት ውስጥ ቁልቁል ሄደ ማለት ነው። ማሞ ግን ያን ቀን ከዓለም አንደኛ ነበር፤ በ10,000 ሜትርም የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ሳሳ ባለ አየር ውስጥ የተሮጠ ሰዓት ከቦታው ጋር ካልተነበበ ትርጉም የለውም።

እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግን ከእንግዳው የተሻልን ነን፤ ሰውነታችን ለምዶታል። አለማመዱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ነበር። የደቡብ አሜሪካ ደጋ ነዋሪዎች በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የአምባራሶቹ ግን ባህር ወለል ላይ ካለ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ከቁጥራችን ጎን የሚጻፈው «ደካማ፣ መካከለኛ፣ የላቀ» የሚለው ሠንጠረዥ የእኛ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት የኩፐር ተቋም ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው፤ ዳላስ ከባህር ወለል ከ200 ሜትር በታች ናት። የዳላስን ሰው በዳላስ አየር ለክቶ የወጣ መስፈርት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፒያሳ፣ ያስቀጣኛል።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ከፍታው አይደለም። 220 ነው። 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ነገር ከመጠን በላይ የተለመደ በመሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል። የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ከቀደሙ ጥናቶች የተሰበሰቡ ነጥቦች ላይ በግርድፉ ያሰመሩት መስመር እንጂ ለዚሁ ተብሎ የተካሄደ ጥናት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የተሻለ ቀመር አለ፤ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል። በእሱ የእኔ ጣሪያ 193 ነው እንጂ 199 አይደለም። እሱም ቢሆን የአማካይ ሰው ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ሁለት ጤነኞች በ10 ምት፣ አንዳንዴም በ20 ይለያያሉ። የእኔ እውነተኛ ጣሪያ 189 ቢሆን የትሬድሚሉ 48 ወደ 44.5 ይወርዳል። 209 ቢሆን ወደ 52 ይወጣል። ሳልሮጥ፣ ሳልሰለጥን፣ በማስመሪያው ጫፍ ብቻ።

ከዚህ በኋላ የአባቴን ወረቀት አወጣሁ።

በመጀመሪያው ሰኞ አባቴ 50 ዋት ላይ ልቡ 82፣ 100 ዋት ላይ 98 ነበር። 98! እኔ በዚያው 100 ዋት 142 ላይ ነበርኩ። ክብደቱ 74 ኪሎ ነው፤ ኦክስጅኑ 14.3 እና 21.6 ይሆናል። ማሽኑ ይህን ልስልስ ያለ መስመር ይዞ እስከ 162 (220 ሲቀነስ 58) ድረስ ጎተተው። ከ98 እስከ 162 ገና 64 ምት ይቀራል፤ ይህ ሁሉ ያልተነካ አቅም ነው ብሎ ቆጠረና 51 ላይ ደረሰ። በሁለተኛው ሰኞ ደግሞ በዚያው ጫና ልቡ 104 እና 128 ነበር። መስመሩ ቀና አለ፤ 32።

በሳምንት ውስጥ ልብን እንዲህ የሚቀይር ምን አለ? ማታ ቤት ጠየቅኩት። መጀመሪያ አልመለሰልኝም። ኋላ «ክኒኑን እኮ ትቼዋለሁ» አለ። «51 ያለው ሰው ምን ክኒን ያስፈልገዋል? የሃያ ዓመት ልጅ የሚበልጥ ልብ አለኝ ብዬ ነው።» ከፈተናው ማግስት ጀምሮ አንድም አልዋጠም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ግፊቱ 170 በ105 ነበር። ሐኪሟ የክኒኑን ስም ስታይ ሁሉንም ነገር በሁለት ደቂቃ አስረዳችን። መድኃኒቱ ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ወገን ነው፤ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የዚህ ዘር ናቸው። አድሬናሊን ልብን የሚያፋጥንበትን በር ይዘጋሉ። የሚወስዳቸው ሰው ቢሮጥም ቢደነግጥም ልቡ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ጣሪያውም ይወርዳል። የአባቴ ጣሪያ በመድኃኒቱ 120 ቢሆን፣ ያ የመጀመሪያው መስመር የሚቆመው 162 ላይ ሳይሆን 120 ላይ ነው፤ ቁጥሩም 51 ሳይሆን ከ32 ብዙ የማይርቅ ይሆናል። ማሽኑ ያነበበው የአባቴን ብርታት አልነበረም፤ ክኒኑን ነው ያነበበው። ክኒኑ ሥራውን በደንብ እየሠራ መሆኑን እንደ ማስረጃ አይቶ መተው ነበረበት እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አስደነገጠኝ። «ይሄን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው» አለችው። ተዘግቶ የቆየው በር በአንዴ ሲከፈት ልብ ከበፊቱ በላይ ይፈጥናል፣ ግፊት ይዘላል፣ ለልብ ድካምና ለልብ ሕመም ድንገተኛ አደጋ የሚዳረግ አለ። መቀነስ ካለበትም በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው። አባቴ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ አራት ፎቅ ወጥቶ 100 ዋት ገፍቷል። እኔም አጠገቡ ቆሜ «አይዞህ፣ ግፋ!» እያልኩ ነበር።

የጂሙን ፎርም ተመልሼ አየሁት። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ የክፍያ ዓይነት አለ፣ «ክብደት መቀነስ ወይስ ጡንቻ ማውጣት?» የሚል አለ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል አንድ መስመር የለም። አሰልጣኙን ጠየቅኩት፤ ክፉ ልጅ አይደለም። «ጋሼ ራሳቸው መናገር ነበረባቸው እኮ» አለኝ። ምን ብሎ ይናገር? የግፊት ክኒን ከሳይክል ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማን ነገረው? በወንጌላዊ ድፍረት «ይሄ መስመር ይጨመር» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

እና ቁጥሩን እንጣለው ወይ? እኔ አልጣልኩትም። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው አንድ ማሽን መርጦ፣ ያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ደረጃውን ከወጣ በኋላ አሥር ደቂቃ አርፎ፣ መያዣውን ሳይደገፍ በየወሩ ቢፈተን ጠቃሚ ነገር ያገኛል። የ220ው ስህተትም፣ የከፍታውም፣ የቀመሩም ስህተት በየወሩ ያው ስለሆነ ለውጡ የራሱ ነው። ከህዳር ጀምሮ የእኔ ሳይክል 41፣ 42፣ 44 ብሏል። 44ቱ እውነት ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ በ150 ዋት የምመታው 174 ወደ 166 መውረዱ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ እሱ ግምት የለበትም። ከጓደኛዬ ጋር፣ ከሌላ ጂም ጋር፣ ከሠንጠረዡ ጋር ማወዳደሩን ግን ትቻለሁ።

ለአባቴ ግን ልብ ምት ላይ የቆመ ማንኛውም ማሽን አይሆንም፤ እጅ ላይ የሚታሰረው ሰዓትም ጭምር። ሐኪሟ የሰጠችው ሌላ መለኪያ ነው። ጉናር ቦርግ የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መሰላል ነው። 6 ማለት ቁጭ ብሎ እንደ ማረፍ ነው፤ 20 ማለት ከዚህ በላይ አልችልም። ለምን ከ6 ጀመረ ብትሉ፣ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የጤነኛ ወጣትን የልብ ምት እንዲጠጋ ብሎ ነው። አባቴ በ10 አያባዛም፤ ምን ያህል እንደከበደው ብቻ ይናገራል። የታዘዘለት ከ11 እስከ 13 ባለው መካከል እንዲቆይ ነው፤ «ቀላል» ከሚለው «ትንሽ ከበድ ያለ» እስከሚለው። ማረጋገጫውም ወሬ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጥ መጨረስ ከቻለ ልክ ነው፤ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ከሰበሰበ በዝቷል።

ክኒኑን ጀምሯል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይለካል፤ ባለፈው 135 በ85 ነበር። ጂሙን ትተን ማለዳ ማለዳ በእግራችን እንሄዳለን፤ ከአፍንጮ በር ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከድልድዩ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ። ድልድዩ ላይ «ስንት?» እለዋለሁ፤ «አስር» ይላል። ዳገቱ መሐል ላይ «አሥራ ሁለት» ይላል፣ ስለ ድሮ ሲኒማ ኢትዮጵያ የጀመረውን ወሬ ሳያቋርጥ። ትናንት ጊዮርጊስ በር ላይ ስንደርስ «አሥራ ሦስት» አለኝና ዞሮ «አንተስ?» ሲለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ጊዜ መተንፈስ ነበረብኝ።